የተቀነሱት

እታገኝ ከሌሊት ተረኝነት ተመልሳ ገና ጋደም እንዳለች ነበር፣ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ወንድሟ ላቀው ለሚስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀንሰናቸዋል» ሲል የሰማችው። መጀመሪያ ስለ ብርድ ልብስ ወይም ስለ ስንዴ ከረጢት የሚያወራ መሰላት፤ ላቀው የሚሠራው ለሰፈራው በተቋቋመ ጽሕፈት ቤት ስለነበር እቤት የሚያወራው ሁሉ ስለ ጎማ፣ ስለ ናፍጣና ስለ ከረጢት ነው። ቀጥሎ ግን «ዘጠኝ ሰዎች» አለ። ከወሎ ሰፋሪዎች ጭነው ወደ ጋምቤላ ከሚወርዱት መኪናዎች አንዱ፣ ሕመሙ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ተብሎ፣ ከትናንት በስቲያ ዘጠኝ በሽተኞች አሰንዳቦ ላይ አውርዶ አልፏል። ጅማ ላይ ሲቆጠሩ ጎደሉ። የላቀው አለቃ የጎደለ ቁጥር ወደ ላይ መላክ ስላልፈለገ ዝርዝሩ እንደገና በታይፕ እንዲመታ አዘዘ፤ ላቀውም ዘጠኙን ስም እየዘለለ መታው፣ ከሥሩም ፈረመ። በወረቀቱ መሠረት ሰዎቹ ከመጀመሪያውም አልተሳፈሩም። ላልተሳፈረ ሰው ደግሞ ቀለብም መድኃኒትም አይላክም። ሚስቱ ተናኘ ሌላ ያወቀ ሰው እንዳለ ጠየቀችው። የለም አላት። የሻይ ብርጭቆ ከሰሃኑ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ የላቀው ጫማ በመንደራቸው በቦሳ ኪቶ ኮረኮንች ላይ እየተንኳኳ ራቀ።

እታገኝ ጋቢዋን እስከ ራሷ ተከናንባ ለመተኛት ሞከረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በጅማ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ናት፤ የዚያን ዕለት ማታም ተረኛ ነበረች። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ደመወዝተኛ እስክትሆን ጫማዋን ሳይቀር የገዛላት ላቀው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጴንጤ ሆናለች የሚል ወሬ ሲደርሰው እንኳ አልጮኸባትም፤ መጽሐፏን ከእሱ ቤት ውጪ እንድታስቀምጥ ብቻ ነግሯት ነገሩን በዚያው ተወው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖት አንስተው አያውቁም። የጸሎት ቤታቸው በሩ ከታሸገ ቆይቷል። አማኞቹ ረቡዕ ረቡዕ ከጅሬን ዳገት ሥር በልብስ ሰፊው በኦቦ ገመቹ ቤት ይሰበሰቡና፣ የስፌት መኪናው እየተንቀጫቀጨ ድምፃቸውን ሲሸፍንላቸው፣ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። እታገኝ እዚያ ተንበርክካ ሁልጊዜ የምትጸልየው አንድ ነገር ነበር። የምትፈልገኝ ቦታ ካለ አሳየኝ፣ እሄዳለሁ ትላለች። ቦታው ሩቅ የሆነ፣ ጥሪውም ሲመጣ በደስታ የሚታወቃት ይመስላት ነበር። አሁን የተሰማት ግን ፍርሃት ነው። ብትሄድ ከማን ሰማች ይባላል፤ ወንድሟ ይታሰራል። ባትሄድ ደግሞ የሚሆነውን በሙያዋ ታውቀዋለች፤ ተቅማጥ የያዘው ሰው ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች።

በጓዳው መደርደሪያ ላይ ከቀበሌው ሱቅ በራሽን የመጣው የወሩ ስኳር ነበር። ስኳርና ጨው በተፈላ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነፍስ እንደሚያተርፍ በየቀኑ ለእናቶች የምታስተምረው ነገር ነው። ስኳሩን ወደ ላስቲክ እየገለበጠች ሳለ ተናኘ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ተናኘ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከሁለት ውርጃ በኋላ የያዘችው ጽንስ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ የምትራመደው እንኳ ወለሉን እየፈራች ነበር።

«ሰምተሻል» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

እታገኝ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«የፈረመው እሱ ነው እኮ። እዚያ ብትታዪ ከማን ሰማሽ ነው የሚሉሽ።»

«ዘጠኝ ናቸው፣ እትዬ።»

«እኛስ?» አለች ተናኘ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ።

እታገኝ አንድ ስኒ የሚሆን ስኳር ለቤት አስቀርታ የቀረውን ቋጠረች። ተናኘ አልከለከለቻትም፣ አልረዳቻትምም፤ ከበሩ ዘወር ብላ መንገድ ለቀቀችላትና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ኦቦ ገመቹ ነገሩን ሲሰሙ የስፌት መኪናውን አቆሙ። ከሦስት ዓመት በፊት ታስረው፣ ውስጥ እግራቸውን ተገርፈው ስለነበር ፔዳሉን የሚረግጡት በቀኝ እግራቸው ብቻ ነው። አሁንም ከማኅበራቸው አራት ሰዎች እስር ቤት እንዳሉ፣ አንድ ሰው በስማቸው አሰንዳቦ ድረስ ሄደ ከተባለ የቀሩትም እንደሚለቀሙ፣ ቢያንስ እስከ ረቡዕ ተጠብቆ በጸሎት ቢታይ እንደሚሻል እያረፉ አስረዷት። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። እታገኝ እስኪጨርሱ ጠበቀችና «ኦቦ ገመቹ፣ ረቡዕ ድረስ አይቆዩም። ፈቃድ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት፤ እንዲጸልዩልኝ ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው የያዙትን የወታደር ሸሚዝ እጅጌ እያጣጠፉ እየዘረጉ ቆዩ። ሚስታቸው አዴ ወርቂቱ ከጓዳ ሁለት ሙሉ ሳሙና፣ ያረጀ የአቡጀዲ አንሶላና አንድ ቋጠሮ በሶ ይዘው መጥተው ዘንቢሏ ውስጥ ከተቱላት። ኦቦ ገመቹ ተነሥተው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ረቡዕ ረቡዕ ጸሎታቸው ረጅም የሆነው ሰው «ሂጂ» ብቻ አሉ።

አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ተነሣ። ጊዜው የ1977 ኅዳር ማለቂያ፣ የቡና ለቀማው የደራበት ወቅት ስለነበር ከከተማው መውጫ ጀምሮ በየደጁ ቀይ ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ መቀመጫ ያጡ ለቃሚዎች በመተላለፊያው ላይ ቆመው ስለ ኪሎ ዋጋ ይከራከራሉ። ሰርቦን ካለፉ በኋላ በተቃራኒው አቅጣጫ ሰፋሪ የጫኑ መኪናዎች ተከታትለው መጡ። አውቶቡሱ ዳር ይዞ ቆመላቸው። ክርክሩ ጸጥ አለ። ሸራው ሥር አቧራ የመሰሉ ፊቶች ታዩ፤ አንዲት ሴት የማታውቀውን አገር ዛፍ ዛፉን ታያለች። ኬላው ላይ ዘቡ የይለፍ ወረቀት ሲጠይቅ እታገኝ የጤና ጣቢያውን መታወቂያ አሳየችው። ለሥራ እንደሆነ ጠየቃት፤ ለሥራ ነው አለችው። መዋሸት አለመዋሸቷን እያሰበች አሰንዳቦ ደረሰች።

እየጠየቀች ያገኘችው፣ ሰዎቹ የተጣሉበት ወፍጮ ቤት ከዋናው መንገድ ጀርባ ነበር፤ ከባለቤቱ ከተወረሰ ወዲህ ድንጋዩ ያልዞረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ከሊል የሚባሉ ጠባቂ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የተወረሰውን ንብረት እንዲጠብቁ እንጂ ሰው እንዲያስታምሙ የቀጠራቸው የለም፤ ሁለቱን ቀን ግን ከቤታቸው ውሃና የተቀቀለ በቆሎ ሲያመላልሱ ከርመዋል። የእታገኝን ነጭ ጋዋን በዘንቢሏ ውስጥ ሲያዩ ተነሡ።

«አልሐምዱሊላህ። መንግሥት ነው የላከሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ማነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ልትናገረው ስለሆነ አፏ ደረቀ። «እግዚአብሔር ነው» አለች።

ከሊል ፊቷን አዩና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «ረቢ ከሆነ፣ ሴኒ፣ ግቢ።»

ውስጡ ጨለምለም ያለ፣ የድሮ ዱቄት ሽታ ከሰው ሽታ ጋር የተቀላቀለበት ነበር። አምስት ሴቶች፣ ሁለት ሕፃናትና ሁለት ሽማግሌዎች በተዘረጋ ከረጢት ላይ ተጋድመዋል። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እታገኝ ጋዋኗን ለበሰችና የምታውቀውን ሥራ ጀመረች። የከሊል ሚስትና ጎረቤቶቻቸው በበርሜል ውሃ ጣዱ፤ እታገኝ የአንዱን ልብስ አውልቃ፣ ገላውን በሳሙና አጥባ፣ ከአንሶላው ቀድዳ ታለብሰዋለች፤ ቅማል ያለበትን ልብስ በፈላው ውሃ ይዘፈዝፉታል። የስኳርና የጨው ውሃውን በማንኪያ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረች ትሰጣለች፤ ዘጠነኛው ጋ ስትደርስ የመጀመሪያው ተራ እንደገና ይደርሳል። ፋንቱ የምትባል ወጣት እናት ጡቷ ደርቆ ሕፃኗን አቅፋ ትንቀጠቀጥ ነበር። እታገኝ ሕፃኑን ልትቀበላት ስትል አልሰጥም ብላ ያዘችው፤ የሚወስዱባት መስሏት ነው። እታገኝ አጠገቧ ተቀምጣ መጀመሪያ ለእናትየው፣ ከዚያ ለልጁ፣ እንደገና ለእናትየው እየሰጠች ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። በመጨረሻ ፋንቱ እጇን አላላች።

ከሁሉ የባሰባቸው አባ ወልደሰማያት ነበሩ። በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት ደወል ደዋይ ነበሩ፤ አሁን ቆዳና አጥንት ሆነዋል። የከሊል ሚስት ወተት አምጥታላቸው ጾመ ነቢያት ነው ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙ። እታገኝ አልተከራከረቻቸውም፤ የስኳር ውሃውን ሰጠቻቸው። ሲያወርዷቸው ስማቸውን ከወረቀት ላይ እየጠሩ እንዳወረዷቸው ነገሯት። «ከዚያ ወዲህ የጠራን የለም» አሉ። እግራቸውን ስታጥብላቸው አንገቷን ትክ ብለው አዩና ማተቧ የት እንደሄደ ጠየቋት። እንደማታስር፣ ጌታን ግን እንደምታምን ሳትደባብቅ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሌላኛውን እግራቸውን ዘረጉላት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ላቀው ነበር። ተናኘ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳ ነግራው የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ከሾፌር ጋር ለሌላ ጉዳይ ብሎ ተውሶ መጥቷል። ወደ ውስጥ አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራት። እጇን በጋዋኗ እየጠረገች ወጣች። ላቀው ፊቷን ማየት አልቻለም፤ በርሜሉን፣ ጭሱን፣ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ ያያል። ነገ ጠዋት ከአውራጃው ሰዎች በዚህ እንደሚያልፉ፣ ካገኟት እሷም እሱም እንደሚያልቅላቸው፣ ማታ ተረኛ እንደሆነችና ከሥራ እንደምትባረር አንድ በአንድ ነገራት። ሁሉንም ታውቀዋለች።

«አንተን ልጎዳ አልመጣሁም፣ ጋሼ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ትቻቸው ብሄድ ግን እስከ ነገ አይደርሱም።»

«ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ» አለ ላቀው። በሕይወቱ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ።

«አዎ፣ አንተ ነህ» አለች እታገኝ። እንባዋ ወረደ፤ ለመጥረግ እጇ ንጹሕ አልነበረም። ተመልሳ ገብታ ማንኪያውን አነሣች። ላቀው መኪናው ውስጥ ሄዶ ተቀመጠ፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል እንዲቆይ ነገረው።

አባ ወልደሰማያት ያረፉት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። መጨረሻ ላይ አባታችን ሆይን ጀምረው አልወጣላቸው ሲል እታገኝ ከእሳቸው ጋር አለችው፤ ከእሷ ቀድመው ዝም አሉ። ዓይናቸውን ከድና በአንሶላው ቀሪ ገነዘቻቸው። ከሊል ዱላቸውን ጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጡ። ቄሱ ሰው መቅበር ግዴታዬ ነው፣ ነገር ግን ያለ ቀበሌ ወረቀት መሬት ከቆፈርኩ ይጠይቁኛል አሉ። እታገኝ ወደ ቀበሌው ሄደች። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጣት፣ ማኅደሩን አውጥቶም አሳያት። በማኅደሩ መሠረት በሰፈራ መኪና መጥቶ እዚህ የወረደ ሰው የለም። ያልመጣ ሰው ሞተ ብዬ ብጽፍ የማን ነው ይሉኛል አለ። እኔ ልፈርም አለችው። የጤና ረዳት ፊርማ መሞቱን ይመሰክራል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይመሰክርም፤ ያን የሚመሰክር የዝርዝሩ ባለቤት ነው አላት።

ላቀው ይህ ሲባል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ ከመኪናው ወርዶ ተከትሏት እንደመጣ አላየችም። ሊቀመንበሩን ወረቀት ጠየቀውና ቆመው እያዩት ተቀምጦ ጻፈ። ወልደሰማያት የተባሉት ሰው ከወሎ ክፍለ ሀገር በሰፈራ መኪና ተሳፍረው መምጣታቸውን፣ ታመው አሰንዳቦ ላይ መውረዳቸውን፣ በዛሬው ዕለት ማረፋቸውን ጻፈ። አብረዋቸው የወረዱ ስምንት ሰዎች በሕይወት እንዳሉና ቀለብና መድኃኒት እንዲላክላቸው ጨመረ። ከዚያ የስምንቱን ስም ከነአባታቸው ዘረዘረ። ምንም ወረቀት አላየም። አንድ በአንድ እየዘለለ የመታቸው ስሞች ስለነበሩ አንዱንም አልረሳውም። ከሥሩ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ጽፎ ፈረመ፤ ሊቀመንበሩም ብዙ አመንትቶ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ቃሬዛውን የሚሸከም አራት ሰው ጠፍቶ ከሊልና ሾፌሩ ከፊት፣ ላቀውና የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ከኋላ ሆነው ተሸከሙ። ቄሱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ከሊል ከአጥሩ ውጪ ቆመው ጠበቁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበሩ። ላቀው እጁን ሲታጠብ እታገኝ ውሃ አፈሰሰችለት፤ አንዳቸውም ሌላውን ቀና ብሎ አላየም። ጣቶቹን አራግፎ «ተናኘን አደራ» አላትና መኪናው ላይ ወጣ።

በአራተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ወስደው አሰሩት። የጻፋት ወረቀት ግን ቀድማ ከአንድ በላይ ቢሮ ስለደረሰች ቀለቡ ከሳምንት በኋላ መጣ። እስከዚያ ያቆዩአቸው የአሰንዳቦ ጎረቤቶችና፣ በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብስ ተሸክመው ከአውቶቡስ የወረዱት አዴ ወርቂቱ ናቸው። ከዘጠኙ ስድስት ዳኑ፤ ፋንቱና ልጇ ከእነሱ ውስጥ ነበሩ። እታገኝ አርባ ቀን ቆይታ ስትመለስ ከሥራ ተሰናብታለች። ተናኘ በሩን ከፍታላት ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ሰጠቻት፤ ክፉ ቃል ግን አልተናገረችም። እታገኝ አዴ ወርቂቱ ጋ ገብታ አዝራር እየተከለች መኖር ጀመረች። ተናኘ በመጋቢት ወንድ ልጅ መገላገሏን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ጥየቃ ሄዳ ደጃፉ ላይ ገንፎውን ለሌላ ሴት ሰጥታ ተመለሰች።

እሑድ እሑድ ሁለቱም ለላቀው ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ ሳይነጋገሩ። የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እታገኝ ሁልጊዜ ምግቡን ለዘቡ ሰጥታ ትመለሳለች። በሚያዝያ አንድ እሑድ ተናኘ ልጁን አቅፋ መጣች። ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ዘቡ ሕፃን ማስገባት አይፈቀድም አላት። አባቱ ገና አላየውም ብላ ለመነችው፤ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ተናኘ በሰልፉ ላይ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ አየች። ብዙዎቹን ታውቃቸዋለች፤ እጃቸውን የዘረጉላትም ነበሩ። እነሱን አልፋ እታገኝ ጋ መጣችና ፊት ለፊቷ ቆመች። እታገኝ የስንቁን ዘንቢል መሬት አስቀመጠች። ተናኘ ልጁን ክንዷ ላይ አስተኛችላት፤ እጇን ግን ወዲያው አላነሣችም።

«አንገቱን ደግፊው» አለቻት። «ገና አልጠናም።»